ስምዎን አይጻፉ

ደግሞ መጣ። ሰኔ በደረሰ ቁጥር፣ የበጀት መዝጊያው ሩጫ ሳያንሰን፣ ዩኒቨርሲቲያችን «ሆዳችሁ ውስጥ ያለውን አውጡት» ይለናል። የአምናው ወረቀት አናቱ ላይ «የሠራተኞች አስተያየት መሰብሰቢያ መጠይቅ» ይላል። ዝቅ ብሎ በደማቁ «የሚሰጡት መልስ በሚስጥር ይያዛል፤ ስምዎን መጻፍ አያስፈልግም» የሚል አለ። እሰየው! መነጽሬን አደረግሁና ገለጥሁት።

ክፍል አንድ፣ አጠቃላይ መረጃ። ፆታ? ወንድ። ዕድሜ? ከ55 በላይ። የትምህርት ደረጃ? ዲፕሎማ። የሥራ ክፍል? ሪከርድና ማህደር። የአገልግሎት ዘመን? ከ30 ዓመት በላይ። እንግዲህ እናንተ ፍረዱኝ። ሪከርድና ማህደር ውስጥ ከእኔ በቀር ወንድ የለም። የቀሩት ልጆቼ የሚሆኑ ሴቶች ናቸው፣ ሁሉም ዲግሪ አላቸው፣ አንዷም እኔ ስቀጠር አልተወለደችም። ይህን ሁሉ ሞልቼ ስሜን ብተወው ለቀለም ቁጠባ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል?

የእህቴ ልጅ ስታቲስቲክስ ያስተምራል። ወረቀቱን ባሳየው ሳቀብኝ፤ ቀጥሎ ግን የሚያስደነግጥ ነገር ነገረኝ። ላታንያ ስዊኒ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ጥናት፣ የልደት ቀን፣ ፆታና አምስት አኃዝ ያለው የፖስታ ቁጥር ብቻ ተይዞ ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ የሚሆነውን ነጥሎ መለየት እንደሚቻል አሳይታለች። በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠር ሕዝብ መሃል በሦስት ነገር ሰው ከተለየ፣ ከአንዲት ጠባብ ቢሮ በአምስት ጥያቄ እኔን ማን ይስተኛል?

ቁም ነገረኛ አጥኚዎች እንዲህ አያደርጉም አለኝ። መልሱ በቀጥታ ለውጭ አካል ይሄዳል። ከአምስት ወይም ከአሥር ሰው ያነሰ ቡድን ውጤትም ለብቻው አይወጣም፣ ከሌላ ክፍል ጋር ይቀላቀላል እንጂ። እኛ ዘንድ መጠይቁን የሚያዘጋጀው የሰው ሀብት ነው፤ የሚያድለውም፣ የሚሰበስበውም፣ የሚደምረውም እሱ። የደረጃ ዕድገቴ ፋይል ያለውስ የት ይመስላችኋል? እዚያው፣ ያው መደርደሪያ ላይ።

አልሞላሁም። ሳምንት ሳይቆይ ስልክ ተደወለ።

«ጋሼ፣ መጠይቁን አልመለሱም።»

«አለመመለሴን በምን አወቅሽ ልጄ? ስም አይጻፍም አላላችሁም?»

«ያልመለሱ ሰዎች ዝርዝር አለን ጋሼ።»

«የመለሱትስ?»

«እሱማ ሚስጥር ነው!»

ልጅቷ ጨዋ ናት፣ አልፈርድባትም። «ስንት ሰው መለሰ» የሚባለውን ቁጥር ለአለቃዋ ማቅረብ አለባት። ግን ያልመለሰው ከታወቀ የመለሰው እንደሚታወቅ ለመገንዘብ ስታቲስቲክስ መማር አያስፈልግም።

ወደ ክፍል ሁለት ልግባላችሁ፣ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሳጥን ተደርድሯል። አደራደሩን ለዓለም ያስተዋወቀው ሬንሲስ ሊከርት የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932። ነፍሱን ይማር፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ጥያቄ ቁጥር 7ን አንብቡልኝ፦ «የቅርብ ኃላፊዬ በሥራቸው ብቁ፣ ፍትሐዊና ሰው አክባሪ ናቸው።» በአንድ መስመር ሦስት ጥያቄ! የእኔ አለቃ ሥራውን አሳምሮ ያውቃል፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰላምታ ግን አያውቅም። ታዲያ የትኛው ሳጥን ውስጥ ላስገባው? ቁጥር 12 ደግሞ «የጥቅማ ጥቅም ሥርዓቱ አርኪ ነው» ይላል። የቱ ጥቅማ ጥቅም? በመጀመሪያ ይምጣና አርኪነቱን ያኔ እንነጋገራለን።

ሰዉ የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ሻይ ቤት ተቀምጦ ሁሉም መሃለኛዋን ሳጥን፣ «ለመወሰን እቸገራለሁ» የምትለዋን፣ ከላይ እስከ ታች በአንድ እስክሪብቶ ያወርዳታል። ያው ሰው እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቶ ስለ አለቃው ሲያወራ ግን ምንም አይቸገርም፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አያቆምም። ኋላ ሪፖርት ይመጣል፦ «የሠራተኛው የእርካታ መጠን መካከለኛ ነው።» ስብሰባው ይጨበጨባል፣ ታሽጎ የሚሰጠው ውሃ ይጠጣል፣ ውሎ አበል የሚገባው ይፈርማል።

ወጣቶቹ «ሽማግሌዎቹ ምን ያስፈራችኋል?» ይሉናል። ልጆቼ፣ እኛ ሂስና ግለሂስ የሚባል ነገር ያየን ሰዎች ነን። እጅ አውጥተህ፣ በሰው ፊት ቆመህ፣ ራስህን ከሰህ የምትቀመጥበት ዘመን ነበር። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን ባንድ ጊዜ ሲባረሩም በሕይወት ነበርን፤ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስን የመሰለ ሐኪም እንኳ አልተረፈም። የተማረው እንዲህ ከሆነ ዲፕሎማ የያዘ መዝገብ ጠባቂ «በጣም አልስማማም» የምትለዋ ሳጥን ላይ እጁ ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል?

የድሮዎቹ ይሻሉ ነበር፣ ቢያንስ በዚህ። መኳንንቱ የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ይሉ ነበር ይባላል። እረኛው መስክ ላይ ያዜማል፣ ግጥሙ ከአፍ አፍ ይሄዳል፣ ማን እንደጀመረው አይታወቅም። «ፆታህ? የትምህርት ደረጃህ? ከብት በመጠበቅ ስንት ዓመት አገለገልህ?» ያለው አልነበረም። ነገሩ ግን ቤተ መንግሥት ይደርሳል።

የሀሳብ መስጫ ሳጥን አለ አትበሉኝ። እሱንም አውቀዋለሁ። የእኛው ከዲኑ ቢሮ በር አጠገብ፣ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው የተሰቀለው። ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ ቁልፉ ዝጓል፣ ወረቀት ማስገቢያዋ ቀዳዳ ላይ «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ማስታወቂያ በፕላስተር ተለጥፎባታል። ወረቀት ልክተት ብትል ጸሐፊዋ ቀና ብላ «ምን ልርዳዎት?» ትላለች።

ዘንድሮ ደግሞ ወረቀቱ ቀርቶ በስልክ ሆኗል። ሊንኩ በቴሌግራም ግሩፕ ተላከ። ነካሁት፤ «በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ይግቡ» አለኝ። ኢሜይሌ የገዛ ስሜና የአባቴ ስም ነው! ከገባሁ በኋላ የመጀመሪያው ገጽ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስምዎን መጻፍ አያስፈልግም።» እሱማ ምን ያስፈልጋል፣ ጽፌው ገባሁ እኮ።

ለሚመለከተው ክፍል የምለው አለኝ። ክፍል አንድን ቆርጣችሁ ጣሉት። ደማሪውን ከውጭ አምጡ። የአምናውን ውጤትና በእሱ የተነሳ የተሠራውን፣ አንድም ነገር ቢሆን፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። ያኔ እኔም እሞላለሁ፣ ሻይ ቤት ያሉትም ከመሃለኛዋ ሳጥን ይወርዳሉ። እስከዚያው የዘንድሮ አስተያየቴ ይኸው፦ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ሽንት ቤት ከፋሲካ ወዲህ ውሃ የለውም። ይህን ለማረጋገጥ መጠይቅ መበተን አያሻም፤ ከአመራሩ አንድ ሰው ደረጃውን ወጥቶ ቧንቧውን ይክፈት።