የጎበጠ ሙዝ

ፍራንክፈርት የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ። ቡና ሲቀርብ ሁለቱን ሳያማ አይነሣም፤ አለቃውንና ብራስልስን። የመጋዘኑ አለቃ ዓመት ፈቃድ ሲጠየቅ ፊቱ እንደ ሐምሌ ሰማይ ይጠቁራል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ «ያልወሰድከው ፈቃድ ተቃጥሏል» ይላል። ብራስልስ በወዳጄ አፍ «ሙዝ ምን ያህል ይጉበጥ?» እያለ ተሰብስቦ የሚውል ሥራ ፈት ከተማ ነው።

ስለ ሙዙ አልዋሸም። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በአውሮፓ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።) በ1994 የወጣ ደንብ ሙዝ ያለ ወጉ የጎበጠ እንዳይሆን አዝዟል። ኪያርም ከምርጡ ደረጃ ለመግባት በየ10 ሳንቲ ሜትር ርዝመቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ መታጠፍ አይፈቀድለትም ነበር። የኪያሩ ደንብ በ2009 ተሻረ፤ ቀልዱን የሚሽር ግን አልተገኘም።

ከሙዙ ደንብ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1993፣ ሌላ መመሪያ ወጥቷል። የሳምንት ሥራ በአማካይ ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ በየ24 ሰዓቱ ውስጥ 11 ሰዓት ሳይቆራረጥ ይታረፋል፤ በዓመት ቢያንስ አራት ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለ። ስለ ሙዙ መጉበጥ ጥርሱ እስኪረግፍ የሚስቀው ሰው፣ የገዛ ወገቡ እንዳይጎብጥ የተጻፈውን አያውቀውም። የ«ተቃጥሏል» ነገርም ቢሆን እዚያው ጀርመን ተነሥቶ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዘንድ ደርሷል። ፍርድ ቤቱ በ2018 እንዲህ አለ፤ አሠሪው ፈቃዱ እንደሚያልፍ በግልጽ ነግሮ እንዲወስደው ዕድል ካልሰጠው በቀር የሠራተኛው ፈቃድ እንዲሁ አይቃጠልም። ይህን ለወዳጄ ስነግረው ስኒውን አስቀምጦ «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ። እነማን እንደሆኑ አልጠየቅኩትም።

በሰኔ 2024 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ነበረ። ወዳጄ የጀርመን ፓስፖርት አለው፤ መጥሪያው ቤቱ ድረስ መጥቶለታል። «መረጥክ ወይ?» ብለው «ኧረ ተወኝ፣ ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ መልስ ነበረብኝ!» አለ። ጣቢያው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ክፍት ነበር። በፖስታ መምረጥም ይቻላል። እርግጥ ከሠላሳ በላይ ፓርቲ የተደረደረበት ያ ወረቀት ሲዘረጋ ነጠላ ያህላል፤ ቢሆንም ከመልስ ጥሪ ዝርዝር አይረዝምም።

እሱን ብቻ ማማት ግን ግፍ ነው። በ1979 የመጀመሪያው ቀጥተኛ ምርጫ ሲደረግ ከመቶው 62 ያህል ወጣ፤ በ2014 ወደ 43 ወረደ፤ በ2024 በስንት ልመና 51 ገደማ ሆነ። ስሎቫኪያ በ2014 ከመቶ 13 ብቻ ልካለች። እንግሊዞች በ1999 ከመቶ 24 ያህል ሆነው ሲመርጡ ከገቡት አንዱ ናይጅል ፋራጅ ነበር፤ ከዚያ ቤት አገሬን ካላስወጣሁ እያለ እዚያው ቤት ሃያ ዓመት ደመወዝ በላ። ቤቱን የሚጠላው ሰው መንገዱን አልሳተም። የወደብ ጫኝና አውራጆችም አልሳቱትም። የመርከብ ኩባንያዎች ዕቃቸውን በራሳቸው ሰዎች እንዲያወርዱ የሚፈቅድ ሕግ ሲመጣባቸው ስትራስቡርግ፣ ፓርላማው ደጃፍ ድረስ ወርደው ጮኹ፤ በ2003 ፓርላማው 229 ለ209 ጣለው። ልዩነቱ ሃያ ድምፅ ነው፤ አንድ ሚኒባስ ከነትርፉ ማለት ነው። ሕጉ ተመልሶ ሲመጣም በ2006 እንደገና ጣለው።

ያ ፓርላማ የደመወዝህን መጠን አይቆርጥም፤ የሥራ ማቆም መብትም ለየአገሩ የተተወ ነው። ሆኖም አብዛኛው የአውሮፓ ኅብረት የሠራተኛ ሕግ እሱና የመንግሥታቱ ሚኒስትሮች እኩል ካልተስማሙበት አይወጣም። ይህን የኩባንያ ጉዳይ ገዳዮች ያውቁታል፤ እነሱ ደግሞ ሠርግ አለብን አይሉም።

የወዳጄ የእህት ልጅ በብስክሌት ምግብ ያደርሳል። የሚያሠራው ሞባይሉ ውስጥ ያለ መተግበሪያ ነው፤ ውሉ «የራስህ አለቃ ነህ» ይለዋል። አለቃ ቢሆንማ ዝናብ ሲዘንብ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። ፓርላማው ሚያዝያ 24 ቀን 2024 ለእንዲህ ያሉ ሠራተኞች መመሪያ ሲያጸድቅ ድምፁ 554 ለ56 ነበር፤ ሥራውን የሚመራውና የሚቆጣጠረው መተግበሪያው መሆኑ ከታየ ሰውየው ተቀጣሪ ይባላል፣ አይደለም የሚል ኩባንያ ራሱ ያስረዳ። አገሮቹ እስከ ታኅሣሥ 2026 በየሕጋቸው እንዲያስገቡት ታዘዋል። ልጁ ይህን ሰምቶ አያውቅም። የሠራተኛ ማኅበራቱም ቢሆኑ ከደሙ ንጹሕ አይደሉም፤ «ማኅበራዊ አውሮፓ» የሚል በራሪ ወረቀት ከማደል አንድ ቀን «ያ የተቃጠለው ፈቃድህ የት እንደገባ ታውቃለህ?» ቢሉት ብስክሌቱን አቁሞ ያዳምጣቸው ነበር።

በዚያው በሚያዝያ 24 ቀን ሌላም ሕግ አልፏል፤ ትልልቅ ኩባንያዎች ባሕር ማዶ ዕቃ የሚሠራላቸው ሠራተኛ በደል እንዳይደርስበት እንዲከታተሉ የሚያስገድድ። ሐዋሳ ለአውሮፓ ገበያ ልብስ የምትሰፋ ልጅ በሰኔው ምርጫ ድምፅ አልነበራትም፤ ድምፅ ያለው ወዳጄ መልስ ላይ ነበር። ከምርጫው በኋላ ወንበሩ ወደ ቀኝ ጋደል አለና በ2025 ያው ፓርላማ ሕጉ እንዲላላ ድምፅ ሰጠ።

ቀጣዩ ምርጫ በ2029 ነው። እንደ ልማዱ በሰኔ ግድም ከሆነ ብዬ ባሕረ ሐሳብ ቆጠርኩለት። ፋሲካ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ይውላል፤ ምርጫው ሲደርስ የሰኔ ጾም ገብቷል። «እንግዲህ ሠርግም መልስም የለም» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «የማኅበር ተራዬ ቢሆንስ?» አለኝ።

የሠራተኛ ማኅበሩን ማለቱ አልነበረም።