ቆሻሻው የማን ነው?

የዘንድሮ ልጆች አፍንጫቸው ቀብጧል! አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ፣ የልጅ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ አገሬ ቆቦ ገባሁ፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ማታ ነፋስ ሲዞር መስኮቱን ትደፍናለች፣ ከርቤ ታጤሳለች፣ የሰፈሩን ፍሳሽ ማጣሪያ ትረግማለች። ሽታው ከወንዙ ይሁን ከተሰበረ ቱቦ ማን ለየው? «አብሽሩ አባባ፣ ያልፋል» ትለኛለች። ለመሆኑ የማን ቆሻሻ ነው ብላት፣ «የከተማው!» አለችኝ። ያንቺስ? ሽንት ቤት ገብታ ውሃ ስትለቅበት ቆቦ የሚሄድ መሰላት እንዴ?

ነገሩን የሚያውቅ አንድ ጎልማሳ አስረዳኝ። ድሮ ቃሊቲ ኩሬ ብቻ ነበረው። እንደ ፈረንጆች በ2018 ሥራ የጀመረው ማጣሪያ ግን በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራ ነው፤ ገንዘቡ የዓለም ባንክ ብድር። ለፍሳሽም ይበደሩለታል! መጀመሪያ ጨርቁንና ፌስታሉን የብረት ወንፊት ያስቀረዋል፣ አሸዋው ይዘቅጣል። ከዚያ ፍሳሹ አየር በማይገባው ጥልቅ ገንዳ ከታች ወደ ላይ ይገፋል፤ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ቆሻሻውን በልተው ጋዝ ያወጣሉ። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውም ጋዝ ካመለጠ ከዚህ ነው። ቀጥሎ ውሃው ከላይ እየተንጠባጠበ አየር ለሚወዱት ነፍሳት ይሰጣል። ዝቃጩ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ያህል ታጥቤ አላውቅም!

የባሕር አገር ሰው አጣርቶ ባሕር ላይ ይለቃል። እኛ ምን ባሕር አለንና? የቃሊቲው ውሃ አቃቂ ወንዝ ይገባል፣ አቃቂ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ላይ ይቀራል። የእኛ ጎሊናና ሆርማትም ወደዚያው ወደ አፋር ነው የሚወርዱት። የምንለቀው ሁሉ ከሰው ደጅ አያልፍም። ናሚቢያ፣ ዊንድሆክ ላይ እንኳ እንደ ፈረንጆች ከ1968 ጀምሮ አጣርተው ይጠጡታል አሉ። ጠጡ አላልኩም! ግን በራያ ሜዳ ከተራራ የወረደውን ደፍራሽ ጎርፍ በአፈርና በጭራሮ ጠልፈን ማሳ የምናጠጣ ሰዎች፣ ያ ሁሉ የታጠበ ውሃ ዝም ብሎ ሲፈስ ብናይ አንጀታችን አያርም? ደጋሊት ማሽላ አፍንጫ የለው!

የቆቦውን ልንገራችሁ። የሽንት ቤቴ ጉድጓድ ሞልቶ መምጠጫ መኪና ጠራሁ። ሹፌሩ ልጄን ስድር ለሙሽራ መኪና ያልከፈልኩትን ጠየቀኝ። ከፈልኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ! ወስደህ የት ትደፋዋለህ ስለው «ራቅ አድርጌ» አለ። ራቅ ያለው የማን ደጅ እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አጥብቄ አልጠየቅኩም።

ስለዚህ የከተማ ልጆች፣ ማጣሪያውን ከመርገማችሁ በፊት ዳይፐርና ፌስታል ሽንት ቤት መጣል ተዉ። ለቆቦም አንድ ማጣሪያ ይሠራልን። ቦታ ከጠፋ የጎረቤቴ ሜዳ አለ፤ ነፋሱ ወደ እኔ ስለማይነፍስ እኔ በበኩሌ ተቃውሞ የለኝም።