ርዕሱ ገና አልጠበበም

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ፍልስፍና ይማራል። የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ አሁን ማስተርሱ ላይ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ አይጠጣም፣ ሰው አያስቀይምም፣ የትራንስፖርት ብር ሲጠይቀኝ እንኳ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው። አንድ ነገሩ ብቻ ያንገበግበኛል። ለበዓል ዓለም ከተማ በመጣ ቁጥር «ምን ላይ ነው የምትመራመረው?» ሲሉት «ርዕሱን ገና እያጠበብኩት ነው» ይላል። ለመስቀል መጥቶ እያጠበበ ነበር። ለገናም እያጠበበ ነበር። ለፋሲካ ሲመጣ ይሄኔማ ሳይጨርስ አይቀርም ብዬ ብጠብቅ፣ «አማካሪዬ አሁንም ሰፊ ነው አሉኝ» ብሎኝ ቁጭ።

ይህ አነጋገር መርሐቤቴ ላይ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በአንድ ወገን ጀማ፣ በሌላው ወገን ወንጪት ገደላቸውን ገጥመው ይዘውናል። የአባት ማሳ ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ ሲሸነሸን ኖሮ፣ ዛሬ በሬ አዙሮ ለመመለስ እንኳ የጎረቤት ድንበር መርገጥ ግድ ሆኗል። መሬት ጠቦ ጎረምሳው ወደ ከተማ በሚሸኝበት አገር፣ የተሸኘው ጎረምሳ ተመልሶ «እያጠበብኩ ነው» ሲል ሽማግሌው ሁሉ ዘወር ብሎ ያያል። የሚያየው ግን እሱን አይደለም፤ እኔን ነው። እሱማ በዓሉ ሲያልፍ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ጀማን ወርዶ ወጥቶ፣ በለሚና በሙከጡሪ አድርጎ ይሄዳል። መልስ ሰጪ ሆኜ የምቀረው እኔ።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ዘንድ ትምህርት የሚመዘነው ለጎረቤት በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ሐኪም ከሆንክ ቡና እየተፈላ የሰፈሩን ደም ግፊት ትለካለህ። መሐንዲስ ከሆንክ የተሰነጠቀ ግድግዳ ያሳዩሃል፣ ራስህን ትነቀንቃለህ። ሕግ የተማረ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ሒሳብ የተማረ የእድሩን መዝገብ ያያል። ፍልስፍና የተማረውን ምን ያሳዩት? አንዲት ጎረቤታችን «ምርምር ላይ ነው» ስላት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ መረቀችውና «የጉልበት መድኃኒት ካገኘ አደራ፣ እንዳትረሱኝ» አለችኝ። አንድ መሪጌታ ደግሞ በአገሩ ደንብ «ለመሆኑ ልጄ፣ ምን ቤት ነህ?» አሉት። ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ አቋቋም ቤት፣ መጽሐፍ ቤት፤ ሁለት ቃል የሚበቃው ጥያቄ ነው። እሱ ግን ስለ ዘመናዊነት፣ ስለ ድኅረ ዘመናዊነት፣ ስለ ድኅረ ቅኝ ግዛት ጀምሮ፣ መሪጌታው ጸሎት ሊያደርሱ ሲነሡ ገና መግቢያው ላይ ነበር።

አንድ ሰሞን «የጀርመን ሰዎች ባስተማሩት ላይ ነው የሚሠራው» ብዬ መገላገል ጀመርኩ። ለጊዜው ሠራልኝ፤ ዓለም ከተማ ላይ ጀርመን ትልቅ ስም ነውና። ካርል ሃይንዝ ቦም ያቋቋሙት «ሰዎች ለሰዎች» እናት ሆስፒታልን ሠርቶልናል። ባቫሪያ ውስጥ ያለችው ፋተርሽቴተንም ከከተማችን ጋር ከተወዳጀች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ስለዚህ ለእኛ ከጀርመን የሚመጣ ነገር ወይ ሕክምና ነው፣ ወይ ትምህርት ቤት። «ታዲያ ልጁ ምን ሊያመጣልን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ፈላስፋውን ሃይደገርን ነዋ! ይህ ይባላል?

በመጨረሻ እሱ ካላጠበበው እኔ አጠብለታለሁ አልኩና ጓደኞቹ ምን እንደሚሠሩ አንድ በአንድ አስቆጠርኩት። አንደኛው ሃይደገር በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ወደ ሞቱ እያየ ስለሚኖረው ኑሮ ያለውን ይመረምራል። ይህንን የእድራችን ዳኛ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰው ነበር፤ መዋጮ የተጠራቀመበት ሰው ወደ ሞቱ እንዴት እንደሚያይ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ሁለተኛው ሀበርማስ ላይ ነው። ሰዎች ማስገደድና ማታለል በሌለበት ውይይት እንዴት እንደሚግባቡ ሀበርማስ በ1981 እ.ኤ.አ. በሁለት ወፋፍራም ቅጽ ጽፏል። ይህን የሚያጠናው ልጅ፣ የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ በመብራት ሒሳብ ከተጣላው የክፍል ተጋሪው ጋር ከተኳረፈ ሰንብቷል። ሦስተኛዋ ፉኮን ይዛለች፤ ሥልጣን ቤተ መንግሥት ብቻ ሳይሆን በየጥጋጥጉ የሚገኝ ነገር መሆኑን ታሳያለች። ይህችን አልተቃወምኳትም። «ማኅተም ያዡ ምሳ ወጥቷል» በተባልኩበት ቢሮ በረንዳ ላይ ቆሜ ራሴ አረጋግጫለሁ።

ሌላው ገዳ ላይ ነው። ሌላዋ፣ ፕሮፌሰር ወርቅነህ ቀልቤሳ የኦሮሞ ገበሬ ስለ ተፈጥሮ ያለውን ሥነ ምግባር ያጠኑበትን መንገድ ተከትላ ዛፍና ውሃ ላይ ትሠራለች። ሌላው ይሉኝታን ሊመረምር አስቦ፣ መምህሩን እምቢ ማለት ስላቃተው መምህሩ የሰጡትን ርዕስ ይዟል። አንዱ ደግሞ ኮምፒውተር ቢዋሽ ኃጢአቱ የማን ነው የሚለውን ይዟል። ይኸኛው ሥራ አያጣም ብዬ እገምታለሁ።

ስለ ማጥበብ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ካርል ማርክስ በ1841 እ.ኤ.አ. ከየና ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘው ዴሞክሪጦስና ኤፒቆሮስ ስለ ተፈጥሮ ባላቸው የሐሳብ ልዩነት ላይ ጽፎ ነው። ሁለት የሞቱ ግሪኮች! ከዚህ የጠበበ ምን አለ? የማርክስ አክስትም «ምንድን ነው የሚያጠናው?» ስትባል አንገቷን ሳትደፋ አልቀረችም። ጊዜ ሄደ፣ የእሱን ሐሳብ ያነበቡ ሰዎች በዙ፣ የእኛም ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት አዋጁ ታወጀና ነገሩ ጀማን ተሻግሮ መርሐቤቴ ደረሰ። ስለዚህ እኔ ጠባብ ርዕስ አልንቅም፤ እፈራለሁ እንጂ። ዛሬ የሁለት ግሪኮችን ጠብ የሚያጠና ልጅ ነገ ማሳዬን ይለካል።

በዚህ ዓይነት ሳስጨንቀው ከርሜ «ከዘርዐ ያዕቆብ ጋር የተያያዘ ነው» የሚል ቃል አወጣ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሮጬ ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። «ደብረ ብርሃንን የቆረቆረውን ነው?» አሉኝ። ንጉሡ አይደለም፣ ፈላስፋው ነው ስላቸው ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረ።

ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ የአክሱም ሰው ነው ይባላል። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉበት ዘመን ተከሰሰ። ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ወደ ሸዋ ሲያቀና ተከዜ አጠገብ ዋሻ አገኘና እዚያው ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በኋላ እምፍራዝ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ሆኖ፣ መጽሐፍ እየጻፈና የባለጸጋውን ልጆች እያስተማረ ኖረ። ተማሪው ወልደ ሕይወት ቢለምነው በ1667 እ.ኤ.አ. ሐተታውን ጻፈ። ልብ አድርጉልኝ፤ ወደ ሸዋ እየመጣ ነበር! ትንሽ ቢገፋ ኖሮ የጀማ ሸለቆ ዋሻ ያሳጣው ነበር? ዛሬ «የመርሐቤቴው ፈላስፋ» ተብሎ አደባባይ ላይ ሐውልት ይቆምለት፣ በስሙም ቢያንስ አንድ ሆቴልና አንድ ወፍጮ ቤት ይከፈት ነበር። ተከዜ ላይ በመቅረቱ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።

ቅሬታዬን ለእህቴ ልጅ ባካፍለው «ጋሼ፣ መኖሩ ራሱ እኮ አከራካሪ ነው» አለኝ። እንዴት ነው ነገሩ? በፈረንጅ አቆጣጠር በ1850ዎቹ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ካፑቺን ሚስዮናዊ የሐተታውን ቅጂ አንቷን ዳባዲ ለሚባል ፈረንሳዊ ላከለት። ሊትማን የሚባል ምሁር በ1904 ግዕዙን ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተመው። በ1920 ደግሞ ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ «ጸሐፊው ራሱ ጁስቶ ነው» አለ። ጀርመናዊው ሚትቮህ ደገፈው። በ1953 ኢትዮጵያ የገባው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ክላውድ ሰምነር፣ ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና ከ1974 እስከ 1982 አምስት ቅጽ አሳትሞ «የለም፣ የኢትዮጵያዊው ነው» ሲል ተሟገተ። የእኛው አለማየሁ ሞገስም ተሟገቱ። የሸንኮራው ልጅ ጌታቸው ኃይሌ መጀመሪያ ተጠራጥረው፣ በኋላ ድርሰቱ የኢትዮጵያዊ ነው ወደሚለው ዞሩ። በ2013 ፈረንሳዊቷ አናይስ ዊዮን እንደገና የጁስቶ ነው አለች። በ2022 ኦክስፎርድ ላይ በዚሁ ጉዳይ ጉባኤ ተቀመጡ። እኛ አገር የድንበር ክስ ይረዝማል ስንል ይህን አላየንም!

«አንተስ ግዕዙን አንብበህ ምን አልክ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ግዕዝ አልችልም። በእንግሊዝኛ ነው ያነበብኩት።»

እዚህ ላይ ሳቄ ጠፋ። ክርክሩ የግዕዝ ሰዋስው፣ የግዕዝ አገባብ፣ የግዕዝ ለዛ ክርክር ነው፤ ኢትዮጵያዊ አፍ ነው ወይስ የፈረንጅ ብዕር የሚለው ከዚያ ነው የሚለየው። ከእናቱ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ ዕድሜያቸውን በግዕዝ የጨረሱ መሪጌታ አሉ። እሳቸውን አንድም ጠያቂ አልመጣባቸውም። ተመራማሪ አልመጣም ማለቴ አይደለም፤ ይመጣል። ስለ «አገር በቀል ዕውቀት» የሚያጠና ወጣት ድምፅ መቅጃውን ይዞ ይመጣና ሽማግሌዎቻችንን ጥላ ሥር ያስቀምጣል። ስለ ሽምግልና፣ ስለ ደም ካሳ፣ ስለ መሐላ ያወጣጣቸዋል። ጠላ ይቀዳለታል። ከዚያ ይሄዳል። የተነገረው ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ ተናጋሪው «መረጃ ሰጪ ቁጥር 4» ይሆናል፤ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ያ ቁጥር 4 ልጆች አሉት፣ ስም አለው፣ የነገረውን በምን አኳኋን እንደጻፉበት ሳያይ ይሞታል። የአገሬውን ጥበብ አገሬው በማያነበው ቋንቋ ጽፎ ለአገሬው ጥበብ ተቆረቋሪ መባል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ነውር ነው። የኮንቲ ሮሲኒን ስድብ መቶ ዓመት ስናስተባብል ኖረን፣ ያን ዓይነት መጽሐፍ ሊያነቡ የሚችሉትን ሰዎች ለቆጠራ ካልሆነ አንፈልጋቸውም።

ይህንን ሁሉ እንዲህ ጮኽ ብዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ «ጋሼ፣ ዘርዐ ያዕቆብም እኮ በግዕዝ ነው የጻፈው። የእምፍራዝ ገበሬ አንብቦታል ብለህ ነው?» አለኝ። ይህች ልጅነት ናት። መልስ ግን አላገኘሁላትም፤ እስካሁንም እየፈለግኩ ነው።

በኋላ መሪጌታው ጋ ወሰድኩት። ሐተታው ጾምንና ምንኩስናን እንደሚነቅፍ ሲሰሙ «እንዲህ ያለውንስ ፈረንጅ ይጽፈዋል» አሉ። አፍታ ቆይተው ደግሞ «የለም፣ እንዲህ ያለውን ደፍሮ የሚጽፍ የእኛ ሰው ብቻ ነው» አሉ። ቀጥለው «ግዕዙን አምጣልኝና እፈርዳለሁ» አሉት። አመጣለሁ ብሏል። ልጅየው ስልኩ ላይ ያለው የእንግሊዝኛው ብቻ ነበር።

እህቴ ግን የሚያስጨንቃት ሌላ ነው፤ እንጀራው። እኔም አጽናናታለሁ። እንድርያስ እሸቴ ፍልስፍና ተምረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር እላታለሁ። እሱ ባይሆን እንኳ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሎጂክ ይማራል፤ ያንን የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። «ሎጂክ ምንድን ነው?» አለችኝ። ትክክለኛ ክርክርን ከተሳሳተው መለየት ነው አልኳት። «ለዚህማ ዳኛ አለ» አለችና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

እናንተ የፍልስፍና ተማሪዎች፣ ሃይደገርንም ያዙ ፉኮን፣ ርዕሳችሁን አጥብቡም አስፉም፣ የእናንተ ነገር ነው። ስታበቁ ግን ለቁጥር 4 በአማርኛ፣ ወይም እሱ በሚሰማው ቋንቋ፣ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩለት። ጠላውን ጠጥታችኋል።