እያደር አዲስ፦ የሲኤምሲ ሞኒተሮች ዕድሜ ሲመረመር

መነሻ። ማንኛውም ዕቃ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ዓመት ያረጃል የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው ተቀባይነት ያለው ቢሆንም፣ በአዲስ አበባ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት፣ በዩዝድ ሞኒተር ላይ ተሞክሮ አልጸናም። በእነዚህ ሰፈሮች ሞኒተር ባለቤት በለወጠ ቁጥር ዕድሜው ይቀንሳል። የዚህ ጥናት ዓላማ የሚቀንስበትን መንገድ ማስረዳት ነው።

የናሙናው አመጣጥ። የአውሮፓና የአሜሪካ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮቻቸውን በሦስትና በአራት ዓመት ይለውጣሉ። የተለወጠው ተፈትሾና ተወልውሎ ይሸጣል፤ ከፊሉም በዱባይ በኩል አዲስ አበባ ይገባል። መገናኛ ካሉት ሱቆች ሲደርስ አንዳንዱ ጀርባው ላይ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የንብረት ቁጥር እንደተለጠፈ ነው። ሻጩ «ይኼ ምንም አይደለም» እያለ በጥፍሩ ይልጠዋል። የጥናት ዘርፉ ትልቁን የሰነድ ውድመት የሚያስተናግደው በዚህ ቅጽበት ነው።

የዘመን አቆጣጠር ሚና። ከተለጠፉት ወረቀቶች የማይላጥ አንድ አለ፤ የተሠራበት ዓመት የተጻፈበት። 2017 የሚል ሲገኝ ሻጩ ያነበዋል፤ «የዓምና ዕቃ ነው» ይላል። አልዋሸም። ዘንድሮ 2018 ዓ.ም. ነው፣ ቁጥሩም 2017 ነው። አቆጣጠራችን ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት ማነሱ ለንግድ የሚሰጠው ጥቅም እስካሁን በምሁራን ዘንድ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ዘዴው ጉድለት የሚታይበት 2019 በተጻፈበት ሞኒተር ላይ ነው፤ በእኛ ገና ያልተሠራ በመሆኑ ሻጩ ሳይወድ በግድ በፈረንጅ ይቆጥራል።

የቀድሞው ባለቤት። ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የኤምባሲ ሠራተኛ ሲሆን ኮምፒውተሩን የሚከፍተው አልፎ አልፎ ነው። ሁለተኛዋ ከመኪና ገበያ የተሻገረች ናት፤ «ሴት ናት የያዘችው» ይባላል። ሦስተኛው በቴሌግራም የሚታወቀው «ከአገር ስለሚወጣ በአስቸኳይ የሚሸጥ» ባለቤት ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ በመውጣት ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጌም ሲጫወትበት ያደረ ባለቤት እስካሁን አልተመዘገበም።

ፍተሻ። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ገዥ ስክሪኑን በነጭ፣ በጥቁር፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ እያስሞላ ከነጥቦቹ መካከል የሞተውን አንዱን ይፈልጋል። ሲያገኘው ሻጩ «አቧራ ነው» ይልና በእጅጌው ይጠርገዋል። ነጥቡ ባይጠፋም ውይይቱ ተዘግቷል። መብራት በሌለበት ቀን ፍተሻው በመሐላ ይካሄዳል።

የዋጋ ማስረጃ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ቀደም ብሎ የገዛ ሰው ለዓመታት የሠራበትን ሞኒተር ከገዛበት በላይ ዋጋ ሊጠራበት ቻለ። ዕቃ ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የዚህ አልወረደም፤ ስለዚህ አላረጀም።

ተቃራኒ ማስረጃ። ግኝቱ ለሲፒዩ አይሠራም። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያቆም፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ፣ ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ቀን አርጅቶ አደረ። «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» ለሚል ገዥ ኤምባሲም ሴትም መልስ አይሆኑም። ሞኒተር ግን ጀነሬሽን አይጠየቅም።

መደምደሚያ። አገሪቱ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ቆሻሻን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425ን በ2010 ዓ.ም. አውጥታለች። ደንቡ ግን ያረጀ ዕቃ እስኪመጣለት መጠበቅ አለበት፤ በሲኤምሲ ሞኒተር የሚያረጀው በገዥው ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ለሽያጭ ፎቶ እስኪነሳ ድረስ።