ለገና የሆቴልዎን ሰዓት እንዴት ያበላሻሉ?

ገና ደርሷል። ላሊበላ ውስጥ ሆቴል ካለዎት፣ ታኅሣሥ 29 ሳይገባ የቢሮዎን ኮምፒውተሮች ሰዓት በወጉ ያበላሹ። ዘዴው እነሆ፦

አንደኛ፣ ሠራተኛው ሁሉ የኮምፒውተሩን ሰዓት በየእጅ ሰዓቱ ይሙላ። ዴቪድ ሚልስ የሚባል ሰው ኮምፒውተሮች ከአንድ ሰዓት ሰጪ እየጠየቁ ራሳቸውን የሚያስተካክሉበትን ኤንቲፒን በ1985 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። እርስዎ ግን ራውተሩ ላይ ኤንቲፒ የሚያልፍበትን ፖርት 123ን ይዝጉትና ይገላገሉ።

ሁለተኛ፣ የሀበሻ ሰዓት ካማረዎት ሰዓቱን በእጅዎ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይመልሱት። የሰዓት ሰቁን ከናይሮቢ ወደ ቦነስ አይረስ ቢቀይሩም ያው ሰዓት ይመጣል፤ ግን የውስጡ ቆጠራ ሳይበላሽ ስለሚቀር አይሞክሩት። ዓመቱንም 2018 ብለው በእኛ አቆጣጠር ይሙሉ። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሄደው ብራውዘር የድረ ገጾቹን የደህንነት ሰርተፍኬት «ጊዜው ገና አልደረሰም» ብሎ የክፍል ማስያዣውን ገጽ ይከለክልዎታል። ደንበኛውን «ሲስተም የለም» ብለው ያሰናብቱት።

ሦስተኛ፣ የማዘርቦርዱን ባትሪ አይቀይሩ። ሳንቲም የምታህለው ሲአር 2032 ከሞተች መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑንም ዓመቱንም ይረሳል። መብራቱ ደግሞ ይሄዳል፤ ለዚህ አይጨነቁ።

አራተኛ፣ ዊንዶውስ ሰርቨር ካለዎት የሠራተኛውን ሰዓት ከሰርቨሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ያራርቁት። ከርቤሮስ የተባለው በረኛ በተለመደው ቅንብሩ ከዚያ በላይ አይታገሥም፤ ትክክለኛ የይለፍ ቃል የያዘውንም ይመልሳል። ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ሲቀያይር ይዋል፤ ጥፋቱ የሰዓቱ መሆኑን አይንገሩት።

ፍሬውን ዋዜማው ላይ ያዩታል። የመጨረሻዋን ክፍል እንግዳ መቀበያው ለአንዱ፣ ጓዳ ያለው ቢሮ ለሌላው ሸጧታል። ሁለቱም ደረሰኝ ይዘው ጠረጴዛዎ ፊት ቆመዋል። የአንደኛው ደረሰኝ 4፡10 ይላል፣ የሌላው 4፡04። ማን ቀደመ? 4፡04 የሚለው ኮምፒውተር ሩብ ሰዓት ወደኋላ እንደቀረ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ኋላ የመጣው ቀዳሚ ሆኖ ቁልፉን ይወስዳል። ፊተኛው ነጠላውን አጣፍቶ ማደሪያ ፍለጋ ይውጣ።

ይህ ሁሉ ልፋት ከከበደዎት ግን አንዱን ኮምፒውተር የሌሎቹ ሰዓት ሰጪ ያድርጉ፤ እሱ ራሱ ከኢንተርኔት ይውሰድ። ሰቁ ናይሮቢ ላይ ይቆይ፣ ባትሪዋም ትቀየር። የሀበሻውን ሰዓት ግድግዳው ላይ ይስቀሉት፤ ግድግዳ ሰርተፍኬት አይጠይቅም።