ጥሬ ብር ለሩቅ፣ ዱቤ ለቅርብ

በእኛ በመንዝ፣ በጓሳ አካባቢ፣ ሰው ሁሉ ሁለት ሱቅ አለው፦ ብር ሲይዝ የሚሄድበትና ብር ሲጨርስ የሚሄድበት።

በግ ተሽጦ እጅ ሲሞቅ መንገዱ ወደ ደብረ ብርሃን ነው። ልብ ካበጠ መርካቶ ድረስ ይዘለቃል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ወጣቱ ከምድጃው ዳር ሳይነሳ በቴሌግራም ይሸምታል። ማስታወቂያው «ያሉበት ድረስ በነፃ እናደርሳለን» ይላል፤ ቦሌ ወይም መገናኛ ካሉ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለ ሰው ዕቃው ከዘመድ ለሹፌር፣ ከሹፌር ለረዳት እየተቀባበለ ነው ከተማችን መሐል ሜዳ የሚደርሰው። የሹፌሩ፣ የረዳቱና የተሸካሚው ክፍያ ሲደመር ርካሹ ዕቃ ዳገቱን ሲወጣ ዋጋውም አብሮት ይወጣል።

ጎረቤቴ ያዘዘው ብርድ ልብስ ፎቶው ላይ አንበሳ ነበረው። አንበሳው በሰላም ገባ፤ ሙቀቱ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ውርጭ ሲወርድ ጎረቤቴ ከመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ የተሠራውን የአባቱን ባና ለብሶ፣ አንበሳውን ለጌጥ ከላይ ጣል አደረገ። ሻጩን ሊወቅስ ቢል ብሎክ ተደርጓል። የሰፈራችን ባለሱቅ እትዬ ግን ማንንም ብሎክ ማድረግ አይችሉም፤ የሞተ ባትሪ ቢሸጡ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጠየቃሉ።

እትዬን የምናስታውሳቸው ክረምት ገብቶ ኪስ ሲራቆት ነው። «እትዬ፣ እስቲ ይቺን ስኳር ይመዝግቡልኝ።» ግድግዳው ላይ «ዱቤ የለም» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጽሑፉ ሥር የዱቤው ደብተር ተቀምጧል። ደብተሩ ላይ ያልሰፈረ ጎረቤት ቢኖር ቄሱ ብቻ ናቸው፤ የእሳቸውም በባለቤታቸው ስም ነው።

አባቶቻችን እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የጓሳን ሣር ምድር ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚታጨድ እንዲኖር። የእትዬ ሱቅም የክፉ ቀን ሣር ነው። እኛ ግን ጥበቃውን ትተን ማጨዱን ብቻ ያዝን።

መንግሥት በ2016 የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል። ይምጡ፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ደብተር ይዘው መምጣታቸውን ግን እንጃ። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ስልኩንም ጫማውንም ካሻችሁ ቦታ ግዙ። ጨውና ሳሙናውን ግን ብር በያዛችሁ ቀን ከሰፈር ግዙ፤ በዱቤ የምታንኳኩትን በር በጥሬ ብርም አንኳኩት።