ሰባት ቤት ያልቆጠሩት ድርጭቶች

ተረት ተረት! የመሠረት!

ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሽቦ በታጠረ ግቢ ውስጥ አንድ የድርጭቶች መንደር ነበረ። ነዋሪዎቹ ሁሉ የደረቀ ሣር የሚመስል ቡናማ ላባ የለበሱ ናቸው። ሣር ውስጥ ከተጋደሙ ጭልፊት እንኳን አይለያቸውምና በቀለማቸው ይኮራሉ። ከሁሉም ይበልጥ የሚኮራው ዳኛው አባ ዳኜ ነበር።

የቤት ድርጭት መታቀፍ ከረሳች ቆይታለችና እንቁላሉን የሚያሞቀው የግቢው ባለቤት ማሽን ነው። በ17ኛው ቀን ትርንጎ የምትባል ድርጭት የጣለቻቸው 16 እንቁላሎች ተፈለፈሉ። 12ቱ እንደ ወላጆቻቸው ዝንጉርጉር ቡናማ ሆኑ፤ 4ቱ ግን ቢጫ ነበሩ፤ ላባ ሲያወጡም ነጭ ሆኑ። አናታቸው ላይ ትንሽ ቡናማ ነጥብ ቀረች፤ ዓይናቸውም እንደ ማንኛውም ድርጭት ጥቁር ነው።

ሽማግሌዎች ከግራሩ ሥር ሸንጎ ተቀመጡ።

“ትርንጎ፣ ከማን አመጣሽው?” አለ አባ ዳኜ።

“ከባሌ ሌላ የማውቀው የለም፣ አባቴ።”

ባሏ አንገቱን ደፋ፤ አንዳች አልተናገረም። እሱንም የጠየቀው አልነበረም። ሸንጎውም “ይህ ቀለም ከዘራችን የለም” ብሎ ፈረደ። 4ቱ ጫጩቶች በሽቦው ቀዳዳ ወደ ውጭ ተገፉ። ከአዋሽ በኩል የመጣ ጭልፊት ከሩቅ አያቸው፤ ሳይመሽ ለቅሞ ጨረሳቸው።

መንደሩ ጠራ ተባለ። ድርጭት በሁለት ወር ሳይሞላት እንቁላል ትጥላለችና፣ የቀሩት ቡናማ ወንድምና እህቶች ብዙም ሳይቆዩ ወለዱ። ከልጆቻቸው መካከል ነጭ ተገኘ። ተገፋ። ደግሞ ተወለደ። ደግሞ ተገፋ።

በዚያ ግቢ እማማ ገብስማ የምትባል አሮጊት ዶሮ ነበረች። ያደገችው ቢሾፍቱ፣ ከግብርና ምርምር ማዕከሉ አጥር አጠገብ ነውና፣ ዘር የሚያጠኑ ሰዎች ሲነጋገሩ ሰምታለች።

“ልጆቼ፣ ስሙኝ” አለች። “እያንዳንዱ ጫጩት አንድ ውርስ ከአባት፣ አንድ ውርስ ከእናት ይቀበላል። ቡናማውና ነጩ ሲገናኙ የሚታየው ቡናማው ነው፤ ነጩ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ሁለት ድምፅ አልባዎች በአንድ እንቁላል ሲገናኙ ነው ነጭ የሚወለደው። ስለዚህ ትርንጎ ግማሹን ብትሰጥ ባሏም ግማሹን ሰጥቷል። እናንተ 4 ነጮች ገፋችሁ፤ ከቀሩት 12 ቡናማዎች ግን 8 ያህሉ ነጩን ይዘው አብረዋችሁ ቀሩ።”

ሸንጎው እርስ በርሱ ተያየ።

“ነጮቹም ቢሆኑ ቀለም መሥራት አልተሳናቸውም። ቀለም ሠሪዎቹ ሕዋሳት ገና በእንቁላል ውስጥ ከጀርባ ተነሥተው ወደ ቆዳ ይሰደዳሉ፤ በነዚህ ጫጩቶች ላይ መንገዱ ተዘጋ። የዓይን ቀለም እዚያው ዓይን ውስጥ ይሠራልና አልጎደለም።”

አባ ዳኜ ሳቀ። “የድርጭትን ዘር ለድርጭት ተይው። እኔ ደሜን እጠብቃለሁ! ከዛሬ ጀምሮ ከቤቴ የወጣ ከቤቴ ውጭ አያገባም።”

“ዘመድ ከዘመድ? ሰባት ቤት ሳትቆጥር?” አለች እማማ ገብስማ። የሰማት የለም።

የዳኛው ልጅ የአጎቱን ልጅ አገባ፤ የልጅ ልጁም እንዲሁ። አንዱ አያት የደበቀው በአባትም በእናትም በኩል እየዞረ እርስ በርሱ ተገናኘ። ጥቂት ትውልድ ሳያልፍ፣ ከመንደሩ ቤቶች ሁሉ ነጭ የበዛው በአባ ዳኜ ቤት ሆነ።

ያን ጊዜ ዳኛው ሸንጎ ጠራ፤ ጉሮሮውንም ጠረገ። “ወገኖቼ፣ በጥሞና አሰብኩበት። ነጭነት የተመረጠ ደም ምልክት ነው። ከእንግዲህ ነጮች ከፊት ይመገቡ።”

ትርንጎ ከኋላ ተነሣች። “አባቴ፣ የእኔ ልጆች አናት ላይ ቡናማ ነጥብ ነበረች፤ የእርስዎ የልጅ ልጆች አናት ላይም አለች። የእኔዎቹ ርግማን፣ የእርስዎዎቹ ምርቃት የሆኑት በየትኛው ላባቸው ነው?”

አባ ዳኜ መልስ አጣ። ሽማግሌዎቹም ሁለቱንም ፍርድ ሻሩ፤ ለነጭ ቅጣትም ሹመትም እንዳይኖር፣ ጋብቻም ሰባት ቤት ተቆጥሮ እንዲሆን ደነገጉ። ነጭ ጫጩት ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ ተወልዷል፤ የሽቦው ቀዳዳ ግን ተደፍኗል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።